ፈሪዋን ሽኮኮ ጀግና ማድረግ፦ የልጆች የፋንታሲ ጀብዱ ልብ ወለድ አጻጻፍ ደረጃ በደረጃ

ልጆች ጀግና እንስሳ ያለበትን ታሪክ ይወዳሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ፣ ብዙዎቻችን ስንጽፍ አንዲት ልጅ እናስብና ጆሮና ጭራ እንቀጥልላታለን። ጆሮና ጭራውን ብታነሱት ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። ታዲያ እንስሳዋ ለምን አስፈለገች?

ብዙ ጽፌ፣ ብዙ ቀድጄ የደረስኩበት ነገር አንድ ነው። የእንስሳዋ ጀግንነት ከገዛ አካሏ መውጣት አለበት። የሚያስፈራትም፣ የምታሸንፍበትም እዚያው ሰውነቷ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ከዚህ የተነሡ ናቸው። ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንዲት እንስሳ ይዘን እንሂድ። እኔ ሽኮኮን መርጫለሁ፤ ስለምወዳት ነው። እናንተም የምትወዷትን ምረጡ። ከእሷ ጋር ረጅም ጊዜ ነው የምትቆዩት።

ደረጃ 1፦ ከአካሏ ጀምሩ

አንድ ወረቀት ውሰዱ። ስለ ታሪኩ ገና አታስቡ። ስለ እንስሳዋ እውነተኛውን ነገር ብቻ ጻፉ። የት ትተኛለች? ማን ይበላታል? ምን ትችላለች? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ምን አትችልም?

የእኔ ወረቀት ላይ የሰፈረው ይህ ነው። ሽኮኮ ስል በቋጥኝ መሃል የምትኖረዋን ማለቴ ነው፤ ዛፍ ላይ የምትዘለዋን ባለ ረጅም ጭራ አይደለም። ሁለቱንም «ሽኮኮ» የሚሉ ሰዎች ስላሉ፣ ሥዕል የሚሠራላችሁን ሰው ቀድማችሁ አስረዱት።

ክብደቷ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ቢሆን ነው። የፊት እግሮቿ 4፣ የኋላዎቹ 3 ጣት አላቸው። ውስጥ እግሯ ልስልስና በላብ የረጠበ ስለሆነ ቀጥ ያለ ቋጥኝ ላይ ሳትንሸራተት ትወጣለች። ሰውነቷ ግን ሙቀቱን በደንብ መጠበቅ አይችልም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ካልሞቀች እግሯ አይፈታም። ብርድና ዝናብ ሲሆን ከዋሻዋ አትወጣም፤ ከዘመዶቿ ጋር ተደራርባ ትተኛለች። የሚኖሩት በቡድን ነው። ሌሎቹ ሲግጡ አንዷ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥታ ትጠብቃለች። ንስር ካየች ትጮኻለች፤ ሁሉም እየተሯሯጠ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ዓይኗ ብሌኑን ከብርሃን የሚጋርድ ነገር ስላለው፣ ሌላው ዓይኑን በሚጨፍንበት ሰዓት እሷ ቀና ብላ ወደ ፀሐይ ማየት ትችላለች። በሥጋ ዘመድ ከተባለ ደግሞ ለዝሆን ትቀርባለች።

ይህን የመጨረሻውን ለልጆች ስትነግሯቸው ዓይናቸው ሲፈጥ ታያላችሁ። ሌላም አለ። መላው ቡድን፣ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲመጣ፣ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ነው የሚጸዳዳው። «ይህ ለመጽሐፍ አይሆንም» ብላችሁ እንዳትዘሉት። ልጆች ስቀው የማይጠግቡት ገጽ እሱ ነው የሚሆነው።

አሁን ሁለት ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች ያዙ። የማትችለውን በቀይ፣ የምትችለውን በሰማያዊ አስምሩ። ቀዩ የታሪካችሁ ችግር ነው። ሰማያዊው መፍትሔው ነው። ብርድ ካሸነፋት፣ ጉዞዋ በብርድ ውስጥ ማለፍ አለበት። ፀሐይን ማየት ከቻለች፣ ያን ችሎታ ለመጨረሻው ጭንቅ አስቀምጡላት። ከወረቀቱ ላይ ሦስት ቀይና አንድ ሰማያዊ ብቻ ውሰዱ። አንድ ሰማያዊ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ስም ስጧት፤ ከዚያ የምትፈራውን

ስሟ አጭር ይሁን። ጮክ ተብሎ ሲጠራ ደስ የሚል ይሁን። የእኔዋን «ጠጠር» ብያታለሁ። ትንሽ ናት፣ የድንጋይ ልጅ ናት።

የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ጠጠር ምንም አትፈራም ነበር። ንስር ትገጥማለች፣ ገደል ትዘላለች፣ እባብ ታባርራለች። ለጥቂት ልጆች አነበብኩላቸው። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አቋረጠችኝና «እሷ ማታ አትፈራም?» አለችኝ። «አትፈራም» አልኳት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ተነሥታ ሄደች። በማግስቱ ከምዕራፍ 1 ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት።

ፍርሃት ስትሰጧት «ጨለማ ትፈራለች» ብላችሁ አትለፉት። አንድ የሆነ ቀን ስጡት። ጠጠር አንድ ጠዋት የጥበቃ ተራዋ ደርሶ ድንጋዩ ላይ ወጣች። የንስሯን ጥላ አየች። መጮኽ ነበረባት። ጉሮሮዋ ተዘጋ። ታናሽ ወንድሟ በመከራ አመለጠ፤ እግሩ ግን ተሰበረ። ሁሉም «ሳታይ ቀርታ ነው» አሉ። እሷ ግን አይታ ነበር።

ይህን ከእሷና ከአንባቢው በቀር ማንም አያውቅም። ልጅ እንዲህ ያለ ምስጢር ሲሰጠው መጽሐፉን አይለቅም። ደግሞም ስሜቱን ያውቀዋል። መልሱን እያወቀ መምህር ሲጠይቀው አፉ የተያዘበት ልጅ ሁሉ ጠጠርን ያውቃታል።

ደረጃ 3፦ አስማቱ አንድ ሕግና አንድ ዋጋ ይኑረው

ብዙ የፋንታሲ ረቂቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ሲጨንቀው አዲስ አስማት ያመጣል። ብርሃን ይፈነጥቃል፣ በር ይከፈታል፣ ጀግናዋ ትድናለች። ልጆች ይህን በደንብ ያውቃሉ፤ «እንዴ! እንደዛ ከቻለች ቅድም ለምን አላደረገችውም?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

አስማቱን ከሩቅ አታምጡት። ቋንቋችን ራሱ ሞልቶታል። «የገደል ማሚቶ» የሚለውን ስም ቆም ብላችሁ ስሙት። ገደል ውስጥ የተቀመጠች፣ የምንለውን የምትመልስ አንዲት ሴት ያለች ይመስላል። እኔ ታሪኬን ያገኘሁት ከዚህ ስም ነው። ማሚቶ የራሷ ድምፅ የላትም። ስለዚህ የሌሎችን ትሰበስባለች። አንድ ቀን ከገደሏ ጉም ትልካለች። ጉሙ ውስጥ የጮኸ ሁሉ ድምፁን ያጣል፤ ሹክሹክታ ብቻ ይቀርለታል።

ሕጉ እንግዲህ ይኸው፦ ጉሙ የሚወስደው ጩኸትን ነው። ማሚቶ አዲስ ድምፅ ስትቀበል የድሮዎቹን ትለቃለች። ዋጋው ደግሞ፣ የሰጠ ሰው የሰጠውን መልሶ አያገኝም።

አሁን ይህን ከደረጃ 2 ጋር አገናኙት። የሽኮኮዎቹ ጠባቂዎች በሙሉ ጉሙ ውስጥ ጮኸው ድምፃቸው ተወስዷል። ንስር ቢመጣ የሚያስጠነቅቅ የለም። ድምፅ የቀራት አንዲት ብቻ ናት። ከዚያች ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ጮኻ የማታውቀው ጠጠር። ስታፍርበት የኖረችው ነገር መንገዱን ያስጀምራታል። አስማቱና ፍርሃቱ እንዲህ ሲጋጠሙ መጽሐፉ ቆመ ማለት ነው። ካልተጋጠሙ ሕጉን ቀይሩት፤ ፍርሃቱን አትንኩት።

ሕጉን እስከ ምዕራፍ 4 ድረስ ለአንባቢ ግልጽ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ምንም አትጨምሩበት።

ደረጃ 4፦ ጠላቷን አታጥቁሩት

ንስሯ ክፉ አይደለችም። ጎጆዋ ውስጥ የራበው ጫጩት አለ። አንድ ገጽ ስጧት፤ ከላይ ሆና ቋጥኙን ስታይ፣ ጫጩቷ ሲጮህ። ልጆች ይህን ችለው ይይዙታል። ንስሯን ፈርተውም አዝነውላትም ማንበብ ይችላሉ።

ማሚቶም እንዲሁ ብቸኛ ናት እንጂ ጨካኝ አይደለችም።

ደረጃ 5፦ የመንገድ ጓደኛ ፈልጉላት

ጓደኛዋ እሷ የሌላትን ነገር ያላት፣ እሷ ያላትን ነገር ደግሞ ያጣች ትሁን። እኔ የመረጥኩት የሌሊት ወፍ ነው። ነፍሳት አድነው የሚበሉት የሌሊት ወፎች በጨለማ መንገዳቸውን የሚያውቁት ድምፅ አውጥተው ሲመለስ በመስማት ነው። ማለትም በገደል ማሚቶ ነው የሚያዩት! ድምፅዋን ጉሙ የወሰደባት የሌሊት ወፍ በሌሊት ማየት እንደተሳናት ናት። ስሟ ድንግዝግዝ ነው። ረጅም ቢሆንም ምላስ ላይ ስለሚጫወት ልጆች ሲጠሩት ደስ ይላቸዋል።

እዚህ ላይ ሌላ ጥሩ ችግር በነጻ ታገኛላችሁ። ጠጠር የቀን ናት፣ ድንግዝግዝ የሌሊት። አብረው የሚነቁት ሲነጋና ሲመሽ ብቻ ነው። ቀን ቀን ታዲያ ጠጠር ጓደኛዋን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ትሄዳለች። የሽኮኮ ግልገሎች እናታቸው ጀርባ ላይ እንደሚወጡት ማለት ነው። እሽኮኮ! ይህን ቃል እነሱ ላይ ስጽፈው የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

ደረጃ 6፦ ጉዞውን በአካሏ ልክ ለኩት

ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚጻፉ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ30,000 እስከ 50,000 ቃል ይሆናሉ። ይህን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት። «አልነገረችኝም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ይሆናል። በእኔ ግምት በአማርኛ ከ20,000 እስከ 30,000 ቃል ተመሳሳይ ውፍረት ይሰጣችኋል። በ20 ምዕራፍ ብትከፍሉት እያንዳንዱ በአንድ የመኝታ ሰዓት ተነቦ ያልቃል።

የምዕራፎቹን ዝርዝር ስታወጡ እያንዳንዱ ላይ ይህን ጠይቁ፦ አካሏ እዚህ ምን ይሆናል? ጠጠር በየጠዋቱ ፀሐይ መሞቅ አለባት። ስለዚህ ጉም በተኛበት ቀን መንቀሳቀስ አትችልም። ቀናት ያልቃሉ። ረጅም መሮጥም አይሆንላትም፤ ፈጥና ሮጣ ስንጥቅ ውስጥ መግባት ነው የለመደችው። ሜዳ ላይ ስንጥቅ ከሌለስ? ይኸው አንድ ምዕራፍ። ቀዝቃዛ ምሽት ላይ የሚያቅፋት ቡድን የለም፤ ያለችው አንዲት ትንሽ የሌሊት ወፍ ናት። ይኸው ሌላ ምዕራፍ።

ሰማያዊውን አደራ ቀድማችሁ ቅበሩት። ምዕራፍ 2 ላይ ጠጠር ከወንድሟ ጋር «ፀሐይን ማን ብዙ ያያል?» እየተባባሉ ይጫወቱ። ጨዋታ ብቻ ይምሰል። ምዕራፍ 18 ላይ ንስሯ በፀሐይዋ አቅጣጫ ስትመጣ፣ አንባቢው ልጅ ከጠጠር ቀድሞ ያስታውሰዋል።

ደረጃ 7፦ አማርኛው ይሥራላችሁ

አማርኛ ትንሽና የሚወደድን ነገር በሴት ጾታ ይጠራል። ወንድ ቢሆንም «አይጧ»፣ ትንሽ ስትሆን «ቤቷ» እንላለን። ይህ ለእኛ ፈተና ነው። «ሽኮኮዋ» ስትሉ አንባቢ የሚያስበው የምታሳሳ ነገር ነው፤ ጀግና አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው። «ሚጢጢዋ»፣ «የዋኋ» የሚሉ ቅጽሎችን ሰርዙ። በግስ አሳዩዋት። ጨበጠች፣ ወጣች፣ ጠበቀች።

ከዚህ የሚበልጥ ሀብት ደግሞ አለን። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ። ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ከመጻፋችሁ በፊት ወስኑ። ጠጠር አሮጊቷን ጠባቂ «አንቱ» ትላለች። ድንግዝግዝን «አንቺ»። ማሚቶንስ? ስታገኛት በሹክሹክታ እንዲህ ይላሉ፦

«አንቱ ማን ነዎት?»
«ማን ነዎት?» አለ ገደሉ።
«እኔ... ጠጠር ነኝ።»
«ጠጠር ነኝ።»
«አይደሉም። ጠጠር እኔ ነኝ።»
«እኔ ነኝ።»

ልጆች እዚህ ጋ መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ ትንሽ ይፈራሉ። ማሚቶ የተባለችውን ብቻ ነው መመለስ የምትችለው፤ ይህን ሕግ አንዴም አታፍርሱት። ካላፈረሳችሁት መጨረሻ ላይ ይከፍላችኋል። ጠጠር ድምፅዋን ከሰጠች በኋላ ገደሉ ዝም ይላል። ቆይቶ ከታች አንድ ቃል ይመጣል፤ «አንቱ»። ጠጠር ራሷ የሰጠቻት ቃል ነው። ለአንዲት ትንሽ ሽኮኮ «አንቱ» መባል ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አትጻፉት።

ደረጃ 8፦ ትልቁን ትዕይንት ቀስ ብላችሁ ጻፉ

የመጀመሪያው ረቂቄ እንዲህ ይል ነበር፦

«ጠጠር በጣም ጀግና ነበረች። ንስሯን ስታይ ምንም ሳትፈራ ጮኸች። ጓደኛዋም ዳነች። ሁሉም በጣም ተደሰቱ።»

ሁሉም ነገር አለ፤ ግን ምንም አይታይም። «በጣም» ሁለት ጊዜ ገብቷል። «ጀግና» የሚለው ቃል ደግሞ የአንባቢን ሥራ ቀምቶታል። እንደገና ስጽፈው እንዲህ ሆነ፦

«ፀሐይዋ መሃል ነጥብ ታየች። ጠጠር ዓይኗን አልጨፈነችም። ነጥቧ ክንፍ አወጣች። ድንግዝግዝ ድንጋዩ ላይ ተዘርግታለች፤ የቀትሩ ብርሃን ናላዋን አዙሮታል። ወደ ላይ እንኳ አላየችም። የጠጠር ጉሮሮ ተዘጋ። ልክ እንደዚያን ቀን። የፊት እግሮቿ ጣቶች ድንጋዩን ጨበጡ። ውስጥ እግሯ ረጠበ። ክንፎቹ ሰፉ። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ከፈተች።»

ምዕራፉ እዚህ ላይ ያልቃል። ዓረፍተ ነገሮቹ እያጠሩ እንደሄዱ አስተውሉ። በደረጃ 1 የጻፋችሁት ወረቀትም እዚህ ተመልሷል፤ ዓይኗ፣ ጣቶቿ፣ የረጠበው ውስጥ እግሯ። አንድም ቦታ «ፈራች» አልተባለም። «ደፈረች»ም አልተባለም።

ዋጋውን ደግሞ አታስቀሩት። ማሚቶ የጠጠርን ድምፅ ስትቀበል ቡድኑ ድምፁን አገኘ፤ ጠጠር ግን ከዚያ በኋላ የምትናገረው በሹክሹክታ ነው። ስትናገር ሁሉም ተጠግቶ ይሰማታል። በመጨረሻው ገጽ አስማቱ ቢፈታና ድምፅዋ ቢመለስስ ብዬ ሞክሬው ነበር። ሞከርኩና ሰረዝኩት። ልጆቹ ያለቀሱት በሹክሹክታው ነበር፤ ደግማችሁ አንብቡልን ያሉኝም እሱኑ ነው።

ደረጃ 9፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

መጀመሪያ ለብቻችሁ። ትንፋሽ ያጠራችሁበት ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈል። ምላሳችሁ የተያዘበት ቃል ይቀየር።

ከዚያ ለልጆች። ሦስት ወይም አራት ልጆች ይበቃሉ፤ የራሳችሁ ልጆች ብቻ ባይሆኑ ይሻላል፤ እናንተን ለማስደሰት ብለው ዝም ይላሉ። ስታነቡ እርሳስ ያዙ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሌም «አዎ» ነው የሚሉት። እግራቸውን እዩ። እግር መወዛወዝ የጀመረበት መስመር ላይ ጭረት አድርጉ። ፀጥ ያሉበት ላይ ክብ። አቋርጠው የጠየቁትን ጥያቄ ቃል በቃል ጻፉት፤ መልሱን ግን እዚያው አትስጧቸው። «መጽሐፉ ይነግራችኋል» በሏቸው።

ስትጨርሱ ጠጠርን እንዲሥሏት ወረቀት ስጧቸው። እኔ ዘንድ ካሉት ሥዕሎች አንዱ ላይ ጠጠር የለችም። ትልቅ ቢጫ ፀሐይ አለ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ። ልጁ ጠጠር የት እንዳለች ስጠይቀው «እሷ እኮ ናት የምታየው» አለኝ። ያን ወረቀት የምጽፍበት ጠረጴዛ በላይ ለጥፌዋለሁ።

ጭረቶቹን ይዛችሁ ወደ ረቂቁ ተመለሱ። ጭረት የበዛበትን ገጽ ለማስተካከል አትድከሙ፤ አውጡትና ያለ እሱ አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይፈልገውም። ክብ ያደረጋችሁበትን ግን አንድ ፊደል እንኳ ሳትነኩ ተዉት።